የኋላሸትን ማን ጠራው?

ኤፍራታ የአያቷን ስም ከተማሪዎቿ አፍ የሰማችው ሰኞ ጠዋት ነው። ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ የሕዋስ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ትስላለች። ከኋላ ወንበር አንዱ ዴስኩን በእስክሪብቶ እየደበደበ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኋላሸት... የኋላሸት...» ይላል። ጎኑ ያለው ተቀበለው። አንዷ ሳቀች።

ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቀጥ አለ።

«ማነው የኋላሸት?» አለች ዞር ብላ።

ሁሉም ወደ ደብተራቸው አቀረቀሩ። የተቆጣች መስሏቸው ነበር።

«ቲቸር፣ ዘፈን ነው እኮ!» አለ ደብዳቢው። «የዋግ አዲሱ ዘፈን። አልሰማሽውም እንዴ?»

ዋግ የነስረዲን ባንድ ነው፤ የምትወደው ሰው ባንድ። አራት የአሰላ ልጆች ተሰባስበው የሮክ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ ስንዴ የሚያደርቀውን በሽታ ስም መረጡ። የእህል ነጋዴው የነስረዲን አባት ይህን እስከ ዛሬ አልዋጥ ብሏቸዋል። «በእህል ሀገር ዋግ ተብሎ ይጠራል?» ይላሉ ባንዱ በተነሳ ቁጥር። የመጀመሪያ ዘፈናቸውን እየቀረጹ መሆኑን ኤፍራታ ታውቅ ነበር። «ስለ ጦርነት ነው፤ ሲወጣ ትሰሚዋለሽ» ብሏታል። የትኛው ጦርነት፣ የማን ታሪክ እንደሆነ ግን አልነገራትም።

በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ጥግ ይዛ ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ሰካች። ጊታሩ አልነሳም እንዳለ የከባድ መኪና ሞተር እያጉረመረመ ቆየና ፈነዳ። ከዚያ ያ ትንሽ ሻከር ያለ የነስረዲን ድምፅ መጣ።

«የኋላሸት፣ የኋላሸት፣
ብረቱ ሲነድ ከኋላህ፣
ጓዶችህ ሮጠው ሲያመልጡ፣
ለምን ተነሱ እጆችህ?»

ፊቷ ጋለ። ያን ታሪክ በሕይወቷ የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው አሁን ለሀገር ሁሉ እየነገረው ነው፤ ያውም እየጮኸ።

*

ኤፍራታ ከደብረ ብርሃን ተመድባ አሰላ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ነስረዲንን ያወቀችው ዝናብ ባበረራቸው ቀን፣ በአንድ ባጃጅ ተጠጋግተው ተጭነው ነው። ጊታሩን የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ጉልበቷ ላይ አጋደመውና «ይቅርታ፣ ይህ ነገር ቦታ ይወዳል» አላት። ስትወርድ የጊታሩ ከረጢት ቀሚሷን አርጥቦት ነበር። እሷ ግን መንገዱ ለምን እንዲህ አጠረ ብላ ቅር አላት።

ታሪኩን የነገረችው ከከተማው ወጣ ብለው፣ የጭላሎን ተራራ ፊት ለፊት እያዩ በተቀመጡበት እሁድ ነው። የእናቷ አባት ሃምሳ አለቃ የኋላሸት ታንክ ነጂ ነበር። በሶማሌ ጦርነት ከጅጅጋ ወዲያ ታንኩ ተመታ። ሸሽተው የተመለሱ ጓዶቹ «እጁን ሲሰጥ በዓይናችን አይተናል» ብለው መሰከሩ። ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ሚስቱ የሺሃረግ በሐረር ከካምፑ አጥር ሥር ተከራይታ ትኖር ነበር። የጎረቤት አፍ ቢያስመርራት ሕፃኗን አበራሽን አዝላ ወደ ደብረ ብርሃን ዘመዶቿ ሸሸች። ወሬ ግን ቀድሟት ደርሶ ቆየ፤ አበራሽ፣ የኤፍራታ እናት፣ በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ «የከሃዲ ልጅ» እየተባለች አደገች። የሺሃረግም ባሏን ሳታለቅሰው ሞተች። ለሞተ ይለቀሳል። የጠፋ ይጠበቃል። ከዳ ለተባለ ሰው ግን ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የለም።

ነስረዲን ያን ቀን ጣልቃ ሳይገባ ሰምቷት፣ መጨረሻ ላይ እጇን ብቻ ጨብጦ ነበር። ያ ዝምታው ነበር ልቧን የወሰደው። አሁን ስታስበው ግን ዝም ያለው እያዘነላት ይሁን ዜማ እየፈለገ፣ መለየት አቃታት።

ያን ሰኞ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ባንዱ ወደሚለማመድበት፣ ወደ አባቱ ባዶ መጋዘን ሄደች። ብቻውን የጊታር ክር እየቀየረ አገኘችው። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ፊቷን ሲያይ ጠፋ።

«ስሙን እንኳ አልቀየርከውም!» አለችው።

«ኤፊ፣ ስሙ ያምራል። የኋላው የሚያሽት፣ መጨረሻው የሚያምር... ሌላ ስም ሞክሬ ነበር፤ ዜማው አልቀበል አለኝ።»

«ዜማው አልቀበል አለህ። እኔስ ልቀበልህ አልቀበልህ ጠየቅከኝ?»

«ልነግርሽ ነበር። ግን እንደ ጥያቄ ነው እኮ የዘፈንኩት። ለምን ተነሱ ነው ያልኩት፤ ከዳህ አላልኩትም።»

«ሰው ጥያቄ አይሰማም ነስሩ! ሰው የሚሰማው እጁን መስጠቱን ነው። እናቴ ከዚያ ስም አምልጣ ለመኖር ስንት ነገር ዋጠች መሰለህ?»

ክሩን ጣቱ ላይ ጠምጥሞ አቀረቀረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ» አለችው፣ ድምፏ ዝቅ ብሎ። «ወደኸኝ ነው ታሪኬን የሰማኸው፣ ወይስ ታሪኬን ወደህ ነው እኔን የወደድከኝ?»

«አንቺን ነው የወደድኩት» አለ። ግን ዘግይቶ አለ። ጥርጣሬ ደግሞ የሚገባው በዘገየ መልስ በኩል ነው።

*

በሳምንቱ እናቷ ደወለች። ዘፈኑን ሚኒባስ ውስጥ ሰምታው ከፌርማታዋ በፊት ወርዳ በእግሯ ቤቷ ገብታለች።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

«እማዬ...»

«አንቺ ነሽ ወይ አልኩሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ወ/ሮ አበራሽ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ሃይማኖቱ ሌላ ነው፣ ሀገሩ ሌላ ነው ስልሽ ‘እማዬ ልቡን ብታውቂው’ አልሽኝ። ልቡን አወቅሁት እንግዲህ። በሬዲዮ።»

ስልኩ ተዘጋ።  ኤፍራታ ነስረዲንን ለመከላከል ለእናቷ የምትለው አንድ ቃል ብትፈልግ አጣች፤ ያ ነው ያስለቀሳት።

ነስረዲን ዘፈኑን ከገጻቸው አነሳው። ግን ከተለቀቀ በኋላ ምን ዋጋ አለው፤ ባጃጁም፣ ጁስ ቤቱም፣ የበቆጂ ሯጮች ስልክም ላይ አለ። በየቀኑ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ እየቆመ ይጠብቃታል። መጀመሪያ አላይህ አለችው። ቀጥሎ አብራው ተራመደች፤ በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ትታ። በኋላ ጁስ ቤት ተቀመጡ። ክፍተቱ እየጠበበ ነበር።

ያኔ ነው ስልኩ የጠራው። ጠረጴዛው ላይ ነበርና ስሙን አነበበችው፤ ዙቤዳ ይላል። ነስረዲን ስልኩን በፊቱ ደፋው።

«አታነሳም?»

«በኋላ እደውላለሁ። የሥራ ነገር ነው።»

የሥራ ነገር ሲል አላያትም። እሱ ደግሞ ሲያወራ ዓይን የማይነቅል ሰው ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥፋት ጀመረ። «ልምምድ አለን» ይላታል። ድራም መቺውን ኦብሳን ፖስታ ቤቱ አጠገብ ስታገኘው «ልምምዱ እንዴት ነው?» አለችው። ኦብሳ የዋህ ልጅ ነው፤ ውሸት ሳይመጣለት እውነት ያመልጠዋል።

«ምን ልምምድ አለ? ነስሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲክሲስ ከተማ ነው የሚውለው። አልነገረሽም እንዴ?» አለና ፊቷን ሲያይ ደንግጦ ጋሪ እንደሚጠብቅ ሰው መንገዱን ማየት ጀመረ።

ዲክሲስ። ዙቤዳ። ኤፍራታ ሁለቱን ስሞች ይዛ ቤቷ ገባች። የዚያን ሳምንት ስታስተምርም፣ ስታርምም፣ ስትበላም ፊት የሌላትን ልጅ በሐሳቧ ትሥላለች። ሃይማኖቷ ከሃይማኖቱ፣ ቋንቋዋ ከቋንቋው የሆነች፣ አባቱ በደስታ መርቀው የሚድሩለት ልጅ። ታሪኬን ወሰደ፤ አሁን ሌላ ሴት ሊያገባ ነው አለች። ከእኔ የቀረው ነገር የለም፣ ዘፈኑ ወጥቷል።

*

ቅዳሜ በጠዋት እሷም የዲክሲስን ሚኒባስ ተሳፈረች። ግራ ቀኙ ገብስ ነው፤ ንፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበቷን ይቆርጠዋል። ምን እንደምትለው አሥር ዓይነት አድርጋ አዘጋጀች። ስትወርድ ሁሉም ጠፋባት።

ትንሽ ከተማ ሰው አይደብቅም። የጊታር ከረጢት ያዘለ ልጅ ያየ አለ ወይ ብላ ሻይ ቤት ብትጠይቅ፣ በጣት አሳዩዋት። በቆርቆሮ አጥር መጨረሻ፣ በተከፈተ በር ላይ ነስረዲን ቆሟል። ፊት ለፊቱ ሻሽዋን ወደ ኋላ የጣለች ቆንጆ ወጣት አለች። የሆነ ነገር አለችው፤ ሳቀ። ኤፍራታ ያን ሳቅ ከወር በላይ አላየችውም ነበር።

ሄደች። ቀጥ ብላ ወደ እነሱ።

«መልካም ጋብቻ» አለች።

ነስረዲን ዞሮ አመድ መሰለ። ወጣቷ ከእሷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ እሷ አየች።

«ይቺ ናት?» አለችው።

«እሷ ናት» አለ ነስረዲን።

«ታዲያ ምን ትቆማለህ!» አለች ልጅቷ፣ የኤፍራታን እጅ አፈፍ አድርጋ። «ዙቤዳ እባላለሁ። ኮቱ፣ ነይ እህቴ፣ ግቢ። አባቴ ሲጠብቅ የከረመው አንቺን ነው እንጂ እሱን አይደለም።»

ኤፍራታ እጇን ነጠቀች። «አልገባም። መጀመሪያ እሱ ይናገር።»

ነስረዲን ተናገረ። እንደ ተከሳሽ ቆሞ፣ እየተቆራረጠ። «ዘፈኑ በወጣ በሳምንቱ ዙቤዳ ደወለችልኝ። አባቷ በሬዲዮ ሰምተውት አለቀሱ። ‘ይህ ልጅ ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው’ አሉ አለችኝ። መጣሁ። አብረው ታንክ ውስጥ ነበሩ ኤፊ። ከአያትሽ ጋር። ንገሩኝ ስላቸው ‘አንተ ዘፋኝ ነህ፤ ይህንንም ወስደህ ትዘፍነዋለህ። ደሙን አምጣልኝ፣ ለደሙ እናገራለሁ’ ብለው መለሱኝ። በመጣሁ ቁጥር መለሱኝ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«እውነተኛ ሰው መሆናቸውን እንዴት አውቃለሁ? ደግሞ የሚሉት የባሰ ነገር ቢሆንስ? አንዴ አቁስዬሻለሁ። ሁለተኛ...» ቃሉን አልጨረሰውም። «ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

*

ውስጥ የዙቤዳ አባት ኦቦ ሀሰኖ ከግድግዳው ተጠግተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ እግራቸው አይታጠፍም፤ ክራንቻቸው አጠገባቸው ተጋድሟል። ኤፍራታ ጎንበስ ብላ ሰላም ስትላቸው አልመለሱም። ፊቷን መረመሩ።

«ሚስቱ ማን ትባላለች?» አሉ።

«የሺሃረግ።»

«ልጁስ?»

«አበራሽ። እናቴ ናት።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት ረጥቦ ነበር። «ኢንታላ ኮ... ልጄ። ተቀመጪ።»

ከዚያ በወታደር አማርኛ፣ ትናንት የሆነ ያህል ተናገሩ።

«ታንካችን ሲመታ አራት ነበርን። አዛዡ እዚያው አለፈ። ተኳሹ ዘሎ ሮጠ። እኔ ጥይት አጉራሽ ነበርኩ፤ ይቺ እግሬ ተሰብራ ከሰንሰለቱ ሥር ወደቅሁ። የኋላሸት ደህና ነበር። ጭረት አልነካውም። መንገዱ ክፍት ነው፤ ጓዶቹ ከማዶ ‘ና!’ እያሉ ይጠሩታል። ‘ሂድ’ አልኩት። ወላሂ፣ ሂድ ብዬዋለሁ። ሮጠ።»

ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ትንሽ ሮጦ ቆመ። ዞሮ አየኝ። የመጡት ሰዎች እኔን ሊጨርሱኝ መሣሪያ ደግነዋል። ተመልሶ መጣና በእኔና በእነሱ መሐል ገብቶ እጆቹን አነሳ። ከማዶ ያዩት እጁ ሲነሳ አዩ፤ እኔን ግን አላዩኝም፤ መሬት ላይ ነኛ። ልጄ፣ እጁን የሰጠው ለጠላት አይደለም። ለእኔ ነው።»

ኤፍራታ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አዝሎ ወሰደኝ። በሶማሌ እስር ቤት ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ብርድ ልብስ ተካፍለን ኖርን። ሊፈቱን ጥቂት ሲቀር ንዳድ ወሰደው። ገላውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንድ ዲያቆን እስረኛ ነበር፤ በእናንተ ደንብ ጸሎት አደረሰለት። እኔም በእኔ ደንብ ዱዓ አደረግሁለት፤ አይቀየመኝም ብዬ። ስፈታ ሐረር ወርጄ ቤተሰቡን ጠየቅሁ። አንዱ ‘የከሃዲው ሚስት ከሄደች ቆየች’ አለኝ። በዚህ ክራንች መታሁት። ፖሊስ ጣቢያ አደርኩ፤ አልጸጸትም። ከዚያ በኋላ ግን የት ልፈልጋችሁ?»

ለአፍታ፣ ለአንድ ክፉ አፍታ፣ ያ የለመደችው ጥርጣሬ ቀና አለ። ይህ ሁሉ ተሰናድቶ ቢሆንስ? እኔን ለመመለስ ያጠናው ድራማ ቢሆንስ? ወደ ነስረዲን ዞረች። በሩ ላይ ቆሟል፤ አፉ እንደ ሕፃን ተከፍቶ፣ እንባው ወደ አገጩ እየወረደ፣ መጥረግም ረስቷል። እንደ እሷ ሁሉ እሱም ገና መስማቱ ነበር። እንዲህ ያለ ፊት አይጠናም። ኤፍራታ ስልኳን አውጥታ የእናቷን ቁጥር ፈለገች።

*

እናቷ መጀመሪያ አላመነችም። ማን ያምናል?

«ማን ነው ያስጠናው?» አለች ስልኩ ውስጥ። «ያ ዘፋኝ ነው? ሰውየውን ስጪኝ።»

ኤፍራታ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ስልኩን ለኦቦ ሀሰኖ ያዘችላቸው። ወ/ሮ አበራሽ እንደ መርማሪ ጠየቀች፤ የታንኩን ነገር፣ የካምፑን ነገር፣ የአባቷን መልክ። ሽማግሌው ሳይቆጡ መለሱ። ጥያቄው እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ በቀጭን፣ ኤፍራታ በማታውቀው ድምፅ፦

«ያነሳኝ ነበር?»

«አንቺን?» አሉ ኦቦ ሀሰኖ፣ ፈገግታ ፊታቸውን ሰነጠቀው። «ትምህርት ቤት አስገብቶሻል እኮ! መስከረም በመጣ ቁጥር ‘ዘንድሮ አበራሽ አንደኛ ክፍል ገባች’፣ ‘ዘንድሮ ሁለተኛ አለፈች’ ይለኛል። እኔ ‘ብትወድቅስ?’ ስለው ይቆጣል። ‘የእኔ ልጅ አትወድቅም’ ይላል።»

«እስከ ስንተኛ አደረሰኝ?»

«ስድስተኛን አልፈሽ ነው የሞተው።»

ከስልኩ ውስጥ የሆነ ድምፅ መጣ። ልቅሶ መሰላቸው፤ ደግሞ ሳቅ መሰላቸው። «እኔ እኮ ስድስተኛን ደግሜያለሁ» አለች ወ/ሮ አበራሽ። «ወድቄያለሁ አባዬ። ወድቄያለሁ።»

ከዚያ አለቀሰች። የሺሃረግ ሳታለቅሰው የሞተችውን ሁሉ ጨምራ አለቀሰች። ዙቤዳም፣ ኤፍራታም በእንባ አጀቧት። ብዙ ቆይታ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ።

«ያ ልጅ እዚያ አለ?»

ነስረዲን ቀረብ አለ። «አለሁ እማማ። ይቅርታ...»

«ይቅርታውን ስመጣ ፊት ለፊት ትለኛለህ። አሁን ስማኝ፤ ስሙን ከዘፈኑ እንዳታወጣ። ግማሽ ነው የዘፈንከው። ሙሉውን ዝፈነው።»

*

ሳይመሽ ወደ ሚኒባሱ በገብሱ ዳር ተራመዱ። ንፋሱ ገብሱን ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያስተኛዋል። ነስረዲን አንድ ሰው የሚያሳልፈውን ክፍተት ጠብቆ ይራመድ ነበር።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ከእኔ በፊት ለዓለም መናገርህ፣ እሱ ገና ያመኛል።»

«እንደሚያምሽ አውቃለሁ ኤፊ።»

ጥቂት ሄደው ቆመች። «አሁን ሌላ የደበቅከኝ ነገር ካለ እዚሁ ንገረኝ። ከዚህ በኋላ መጠርጠር አልችልም፤ ደክሞኛል።»

መሬት መሬት አየ። «አንድ አለ። አባቴ ስለ አንቺ ያውቃሉ ብዬሽ ነበር። አያውቁም። አልነገርኳቸውም።»

መቆጣት ነበረባት። ይህን ሁሉ ጊዜ የአባቱን ሰላምታ በገበያ መሐል ስትቀበል፣ የሚያውቋት መስሏት በሐፍረት ትሽኮረመም ነበር። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዘገይ የመጣላት እውነት ነበር፤ ያውም የሚያስወቅሰው። ሳቋ ሳታስበው አመለጣት።

«መቼ ትነግራቸዋለህ?»

«ዛሬ። እንደገባን። ከቤት ያስወጡኝ ይሆናል።»

«እኔም በሩ ላይ እቆማለሁ» አለች።

እጁን ያዘችው፤ በብርዱ ደርቆ ነበር። የእህል ነጋዴውን ኮስታራ ፊት፣ እናቷን በመናኸሪያው፣ የሰፈሩን አፍ አሰበችና ፈራች። ግን ይህ ፍርሃት በእነዚያ ሳምንታት ብቻዋን ይዛው እንዳደረችው ጥርጣሬ አልነበረም። ይህኛውን ሁለት ሆነው ነው የሚፈሩት።